ጎማ የሚያነብ እጅ

በጎብዬ፣ በዋናው መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ መኪና ሲቀርብለት አስቀድሞ የሚያነሳው ክሪክም ቁልፍም አይደለም። ይንበረከክና መዳፉን በጎማው ጥርስ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ ይመልሳል። ይህን ሲያደርግ ጎማውን አያይም። ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፤ የሚሠራው መዳፉ ነው። በአንዱ አቅጣጫ ለስለስ ብሎት፣ ሲመለስ የእያንዳንዱ ጥርስ ጠርዝ ቆዳውን ከያዘው፣ ያ ጎማ ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም እየተጎተተ ሲሄድ ኖሯል። በጎን ሲገፋ የኖረ ጎማ የጥርሱን አንድ ጠርዝ አስፋልት ይሞርድበታል፤ ተቃራኒው ጠርዝ ሹል ሆኖ ይቀራል። ሹሉ ወደ መኪናው ሆድ ከዞረ የፊት ጎማዎቹ ከፊት በኩል ከልክ በላይ ተጠጋግተዋል፤ ወደ ውጭ ከዞረ ተራርቀዋል። ዓይን አይቶ ደህና ነው የሚለውን ጥርስ መዳፍ ለይቶ ያውቀዋል።

ከዚያ የቀረውን ያነባል። ሁለቱም ትከሻዎች አልቀው መሀሉ ከተረፈ ንፋስ አንሶት ሲሄድ ነበር፤ መሀሉ አልቆ ትከሻዎቹ ከቀሩ ንፋስ በዝቶበት ነበር። እዚህም እዚያም ጎድጎድ ያለ ጎማ መንገዱን እየዘለለ ሲነካ የከረመ ነውና የደከመ ሾክ አብዞርበር ወይም የጎደለ ባላንስ ይፈለግለታል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጠፍጣፋ የሆነው ፍሬን ቆልፎት የተጎተተ ነው። አስቸጋሪው አንዱ ትከሻ ብቻ ሲያልቅ ነው። ይህን መልክ ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ያመጡታል፤ የጎማው ወደ ጎን ማዘንበል፣ ማለትም ካምበር፣ አንዱ ነው። የፊት ጎማዎች ከፊትና ከኋላ ባላቸው ርቀት መካከል ያለው ልዩነት፣ በመካኒኮች አጠራር ቶ፣ ሌላው ነው። ሁለቱን ለይቶ የሚናገረው ያ ሹል ጠርዝ ነው፤ ካምበር ብቻውን ሹል ጠርዝ አያበጅም።

ጎብዬ ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት። በምዕራብ የወሎ ደጋ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በመሀል የራያ ሜዳ ከነማሽላው። ከአዲስ አበባ የተነሳ መኪና በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ይወጣል፣ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አድርጎ ወልዲያ ይደርሳል፤ አላ ውሃን ተሻግሮ ሜዳው ላይ የሚያርፈው ከዚህ ሁሉ ጠመዝማዛ በኋላ ነው። ከሰሜን የሚመጣውም ከኮረም በግራ ካሕሱ ወርዶ፣ አላማጣንና ቆቦን አልፎ ነው። ጎሚስታው በር ላይ የሚቆመው አብዛኛው አይሱዙ፣ ሲኖትራክ፣ ሚኒባስና ባጃጅ ነው። ማሽላ የጫነ፣ ከብት የጫነ፣ ሲሚንቶ የጫነ።

ንፋስ እንኳ በዚህ መንገድ ላይ ባለበት አይቆይም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ የቆቦ ሜዳ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ 32 ፒ.ኤስ.አይ የተሞላ ጎማ ወደ ቆላ ሲወርድ የውጩ አየር ስለሚከብድ ከ1 ፒ.ኤስ.አይ ትንሽ በለጥ የሚል ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ወደ 32 ከወጣ ደግሞ ከ2 በላይ ይጨምራል። ጉዞው ራሱ ጎማውን ያግለዋል። ስለዚህ ባለሙያው ደርሶ የቆመን ጎማ ወዲያው ለክቶ ንፋስ አይቀንስም። መኪናው ጥላ ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ ሹፌሩ ቡናውን ይጠጣል፣ ከዚያ ይለካል። ይህን ትዕግሥት ከብዙ ትልልቅ ቤቶች ይልቅ እዚያች ትንሽ ቤት አይቼዋለሁ።

ያየሁት ሥራ በጥር ወር የተሠራ ነው። ከአዲስ አበባ ለሠርግ ከመጡት መኪኖች አንዷ ሁለት በር ያላት ቶዮታ ሴሊካ ነበረች፤ ቶዮታ ከ1999 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የሠራት ሰባተኛዋና ለረጅም ዓመታት የመጨረሻዋ ትውልድ። እኔም ከተሳፋሪዎቿ አንዱ ነበርኩ። የቀድሞ ባለቤቷ ፋብሪካው የሰጣትን ሞላ አውጥቶ አጭር ሞላ አስገብቶላታል፤ ፓራፋንጎዋ ጎማዋን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ታምራለች። የፊት ጎማዎቿ ከውጭ ሲታዩ 5 ሚሊ ሜትር ጥርስ አላቸው፤ አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዞ ነው የሚወጣውና ገና ናቸው ያሰኛል። መሪው እስከ ጫፍ ሲዞርና የውስጡ ትከሻ ሲገለጥ ግን ግራውም ቀኙም ሽቦ አውጥተዋል። ሹፌሩ ጎማ ሻጩን ወቀሰ፤ ርካሽ ጎማ ሸጠውልኝ ነው አለ። ባለሙያው መዳፉን አሳልፎ ተነሳና፣ «ጎማው አላጠፋም ወንድሜ፤ የታዘዘውን ነው የሠራው» አለው።

እንዲህ ያለችው መኪና ከአይሱዙ የሚለያት ብዙ ነው። አይሱዙ ፊቱ አንድ ወጥ የብረት አክስል ነው፤ ሁለቱን ጎማ የሚያገናኘው ዘንግም አንድ ነው። አክስሉ ካልተጣመመ በቀር ካምበሩ አይነካም፤ የሚስተካከለው ቶው ብቻ ነው። ሴሊካ ግን እያንዳንዱ የፊት ጎማ በራሱ ሞላና በራሱ ክንድ የተንጠለጠለ ነው፣ እያንዳንዱም የራሱ የመሪ ዘንግና በዘንጉ ጫፍ ላይ የራሱ መጋጠሚያ፣ ማለትም ቴስቲና፣ አለው፣ የኋላ ጎማዎቿም የራሳቸው ማዕዘን አላቸው። መኪናዋ በአጭር ሞላ ዝቅ ስትል ክንዶቹ አቅጣጫ ይለውጣሉ፤ ካምበሩም ቶውም አብረው ይለወጣሉ። የስፖርት መኪና ሠሪዎች የጎማውን ራስ ሆን ብለው በ1 ወይም በ2 ዲግሪ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፤ በፍጥነት ሲታጠፍ አካሉ ወደ ውጭ ሲጋደል የውጩ ጎማ ያን ጊዜ ቀጥ ብሎ መንገዱን በሙሉ ፊቱ እንዲይዝ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ግን ክብደቱ ወደ ውስጠኛው ትከሻ ያደላል። በዚያ ላይ ቶው ከተዛባ ያ የተጫነው ትከሻ በጎን መፈተግ ይጀምራል። ካምበሩ የሚበላውን ቦታ ይመርጣል እንጂ ዋናው በሊታ ቶው ነው።

ሥራው እንዴት እንደተጀመረ ልናገር፤ ከሁሉ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነውና። ንፋሱ ከተስተካከለ በኋላ ባለሙያው የፊቱን በክሪክ አነሳ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወዘወዘው፤ በዚህ የሚታወቀው ኩሽኔታውና ቦል ጆይንቱ ነው። ከዚያ ከግራና ከቀኝ ይዞ ወዘወዘ፤ በዚህ ደግሞ ቴስቲናው። ረዳቱ ከሥር ተኝቶ ጣቱን መጋጠሚያው ላይ አድርጎ ነበር፤ በእጅ የሚሰማውን ክፍተት ዓይን አያየውምና። ግራው ላይ «አያ፣ ይኼ ይጫወታል» አለ ልጁ። ባለሙያው ራሱ ተኝቶ አረጋገጠና ክሪኩን አወረደ። አላይመንት የለም አለ፤ ቴስቲናው ሳይቀየር አልለካም።

ሹፌሩ ለመነው፤ ሠርጉ ነገ ነው፣ ለአሁኑ ብቻ አስተካክልልኝ አለ። «አብሽር» አለው፣ «ሙሽራው በሌላ መኪና ይሄዳል። በሚጫወት ቴስቲና የተለካ ልክ እኔ ስለካው አንድ ነው፣ አንተ ስትነዳው ሌላ ነው።» ከዚህ የጠራ የሥራ ሕግ አላውቅም። ልቅ የሆነ መጋጠሚያ መኪናው ሲቆም አንድ ቦታ ያርፋል፣ ሲሄድ ሌላ ቦታ። ቆሞ የተገኘው ቁጥር ምንም ያህል ጥንቃቄ ቢደረግበት ለጉዞ አይሆንም። ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ለክቶ ቢሸኘው ማንም አይጠይቀውም ነበር፤ እኔም አላውቅበትም ነበር። ዕቃው በማግስቱ ከደሴ በሚኒባስ ተላከ።

አሮጌው ቴስቲና ሲወጣ ልጁ ዙሩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ቆጠረ፤ አዲሱም በዚያው ቁጥር ገባ። ልኩ ከነበረበት ብዙ እንዳይርቅ የሚያደርገው ይህ ነው።

የሚለካበት ቦታ የቤቱ የፊት ሊሾ ነው። ሊሾ ሲሉት ለጥ ያለ ይመስላል፤ ባለሙያው ግን አያምነውም። ውሃ የተሞላ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አምጥቶ፣ ግንበኛ መሠረት እንደሚያይበት፣ አራቱ ጎማ የሚያርፉበትን ቦታ አስተያየ። አንደኛው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ላሜራ ደረበበት። ከፊት ጎማዎቹ ሥር ደግሞ ሁለት ሁለት ላሜራ በመሀላቸው ግሪስ ተቀብቶ ተቀመጠ፤ ጎማው ሲዞር ከሊሾው ጋር ሳይታገል በቀላሉ እንዲዞር። በትልልቅ ቤቶች ለዚህ የሚዞር ሳህን አለ፤ ሥራው ግን ያው ነው። መኪናዋን ከክሪክ ሲያወርዳት ወዲያው አልለካም። ክሪክ ላይ የቆየች መኪና ጎማዎቿ ወደ ታች ተንጠልጥለው ስለሚያዘነብሉ ስትወርድም ጥቂት ጊዜ እንዲያ ይቆያሉ። ከፊትም ከኋላም በእጁ ደጋግሞ ተጫናት፣ ወደ ኋላና ወደ ፊት ገፍቶ አንከባለላት፣ ከዚያ ላሜራው ላይ አሳረፋት።

አሁን ወደ ቸርኬው እንምጣ። ቸርኬ በዚህ መንገድ ላይ ሳይጎብጥ አይኖርም፤ በጎበጠ ቸርኬ ጠርዝ የተለካ ደግሞ የጉብጠቱን ልክ እንጂ የጎማውን አይናገርም። ባለሙያው ለዚህ ያለው መላ ከሁሉ አስደሰተኝ። መኪናዋ ገና ክሪክ ላይ ሳለች የጎማው ጥርስ መሀል ላይ ጠመኔ ቀብቶ፣ የሾለ ምስማር በእንጨት ላይ አጽንቶ አስጠጋና ጎማውን በእጁ አሽከረከረው። ምስማሩ ጠመኔው ላይ ጥርት ያለ አንድ መስመር ዙሪያውን ጻፈ። ቸርኬው ቢጎብጥም ባይጎብጥም ያ መስመር ጎማው የሚዞርበትን እውነተኛ ክብ ነው የሚከተለው፤ ምስማሩ አልተነቃነቀምና። አይሱዙዎቹን ዕድሜ ልኩን በዚህ ሲለካ ኖሯል፤ ከአንዱ መስመር እስከ ሌላው ከፊት ይለካል፣ ከኋላ ይለካል፣ ልዩነቱ ቶው ነው።

ለሴሊካዋ ግን ይህ ብቻ አይበቃም፤ ሁለቱ ጎማ እርስ በርስ ያላቸውን ይናገራል እንጂ ከአካሉ ጋር ያላቸውን አይናገርም። ስለዚህ ሲባጎ ተዘረጋ። በመኪናዋ ግራና ቀኝ፣ በጎማዎቹ መሀል ከፍታ፣ በአራት የብረት እግሮች ላይ የተወጠሩ ሁለት ክሮች። ክሮቹ እርስ በርስ ትይዩ መሆን አለባቸው፣ ከመኪናዋ መሀልም እኩል መራቅ አለባቸው፤ በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከልና በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ እኩል አይደለም። ከፊቱ የጎማ መሀል እስከ ክሩ፣ ከኋላው የጎማ መሀል እስከ ክሩ፣ በግራም በቀኝም እየለካ፣ እግሮቹን በጣቱ እየገፋ፣ ግራና ቀኙ እስኪመሳሰሉ ድረስ ጊዜ ወሰደ። አንዱን ሲነካ ሌላው ይሄዳል። በዚህ መሀል ማንም እንዳያልፍ ልጁ በሩ ላይ ቆመ፤ አንድ ፍየል ግን አልፋ አንደኛውን ክር ነካችውና ሁሉም እንደገና ተጀመረ። በባለሙያው ፊት ላይ ምሬት አላየሁም።

ክሩ ከተወጠረ በኋላ ነገሩ አጭር ነው። ቀጭን የብረት ማስመሪያ፣ ከክሩ እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝ፣ ከክሩ እስከ ቸርኬው የኋላ ጠርዝ። ምስማር የጻፈው መስመር ከቸርኬው ጋር የማይሄድበትን ቦታ አስቀድሞ ስላየ ቀጥ ያለው የቸርኬ ክፍል ወደ ልኬቱ እንዲዞር አድርጎ ነበር። ከኋላ ጎማዎቹ ጀመረ፤ መኪና የሚሄደው የኋላ ጎማዎቹ ወደሚያመለክቱበት ነውና። የኋላዎቹ ግራና ቀኝ 1፣ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ነበሩ። እኩል ናቸው፤ አልነካቸውም። መሪውን ቀጥ አድርጎ በእንጨት ደግፎ ወደ ፊት መጣ፤ ግራው 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ፣ ቀኙ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ። መሪው በጉዞ ላይ ወደ ግራ ጠመም ተደርጎ ይያዝ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

6 ሚሊ ሜትር ትንሽ ትመስላለች። የተለካችው ግን በ430 ሚሊ ሜትር የቸርኬ ስፋት ላይ ነው። 6 ለ430 ሲካፈል፣ መኪናዋ በሄደችበት በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ሁለቱ ጎማዎች በድምሩ 14 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይገፋሉ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ጎብዬ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ልኩ ከመነሻው እንዲሁ ከነበረ ጎማዎቹ በዚህ ጉዞ ብቻ 7 ኪሎ ሜትር በጎን ተጎትተዋል። ያን ሁሉ የተሸከመው ጠባቡ የውስጥ ትከሻ ነው። ሹፌሩ ይህ ሲሰላለት ጎማ ሻጩን መውቀሱን ተወ።

ካምበሩ በቱንቢ ተለካ። ክሩ ከቸርኬው የላይ ጠርዝ ውጭ ተንጠልጥሎ፣ እስከ ላይኛው ጠርዝና እስከ ታችኛው ጠርዝ ያለው ርቀት ተለካ፤ ልዩነቱ 15 ሚሊ ሜትር። በዚህ ቸርኬ ላይ 15 ሚሊ ሜትር 2 ዲግሪ ነው። ሾክ አብዞርበሩን ከጎማው አካል ጋር የሚያስሩት ሁለት ቡሎኖች ከቀዳዳቸው ትንሽ ይቀጥናሉ። ባለሙያው ሁለቱንም አላልቶ የጎማውን ራስ ወደ ውጭ እየሳበ፣ ያች ክፍተት የምትሰጠውን ሁሉ ወስዶ አጠበቃቸው። 11 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ 1.5 ዲግሪ። ከዚህ በላይ ቀዳዳውን በሞረድ ማስፋት ይቻላል፤ ሌሎች ያደርጉታል። እሱ እምቢ አለ፤ ጎማውን የያዘ ብረት ነው አይሞረድም አለ።

ካምበሩ ሲነካ ቶው ደግሞ ሄደ። አስቀድሞ የጻፈውን ቁጥር ሰርዞ እንደገና ለካ፤ ግራው 2.5፣ ቀኙ 4.5 ሆነው ተገኙ። ቶ ምንጊዜም መጨረሻ ላይ የሚሠራው ለዚህ ነው። ቅደም ተከተሉን የማያውቅ ሰው ቶውን አሳምሮ፣ ካምበሩን ነክቶ፣ ያሳመረውን አፍርሶ ይሸኛል።

ከዚህ ቀጥሎ የሠራት አንዲት ትንሽ ነገር ከቀኑ ሥራ ሁሉ ልቤን ወሰደችው። ዘንጉን ከማዞሩ በፊት፣ ዘንጉ ከመሪው ሳጥን የሚወጣበትን የጎማ ሽፋን የያዘውን ማሰሪያ ፈታና ሽፋኑን ከዘንጉ ላይ በጣቱ አላቀቀው፤ ትንሽ ግሪስም ቀባው። ብዙዎች ይህን አያደርጉም። ማሰሪያው ሳይፈታ ዘንጉ ሲዞር ሽፋኑ አብሮ ይጠመዘዛል፤ በዚያ ቀን ምንም አይሆንም፣ መኪናው ደህና ይሄዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ የተጠመዘዘው ቦታ ይሰነጠቃል፣ የራያ አቧራ ይገባል፣ የመሪው ሳጥን ውስጥ ያለው ግሪስ አሸዋ ይሆናል። ያን ጊዜ ማንም ጥፋቱን ወደዚያ ቀን አይመልሰውም። ማንም የማይጠይቀውን ጥፋት አስቀድሞ የሚከለክል እጅ ሳይ ደስታዬን መደበቅ አልችልም።

በእንዲህ ያለ ትንሽ መኪና ዘንጉ አንድ ዙር ሲዞር 1.5 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ ቸርኬው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ስለዚህ ግራውን ግማሽ ዙርና ትንሽ፣ ቀኙን አንድ ሙሉ ዙር አዞረ። ቴስቲናው መሀል ላይ ቆሞ፣ ወደ አንድ ጎን ሳይጋደል፣ በአንድ ቁልፍ ተይዞ በሌላ ቁልፍ ዳዶው ጠበቀ። ከዚያ መኪናዋን ወደ ኋላ ገፍተው መልሰው አንከባለሏትና ክሩ እንደገና ተለካ፤ ግራና ቀኝ ግማሽ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ። ዳዶ ሲጠበቅ ልክ ስለሚያመልጥ ነው ዳግመኛ የሚለካው፤ አንደኛው በእርግጥ አምልጦ ነበር፣ ተፈትቶ ተመለሰ።

መሪውን ይዞ የፊት ጎማዎቹን 20 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዞረና ሊሾው ላይ በጠመኔ የተሠመረውን ማዕዘን አየ። በመታጠፊያ ላይ የውስጥ ጎማ ከውጩ የበለጠ መዞር አለበት፤ የሙኒኩ ሠረገላ ሠሪ ላንከንስፐርገር ያሰበውና አከርማን በ1818 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ያስመዘገበው ሥርዓት ነው። በግራና በቀኝ ሲዞር ልዩነቱ እኩል ከሆነ የመሪው ክንዶች አልተጣመሙም። አልተጣመሙም።

ይህ ሁሉ የድሮ ሰው መላ ነው የሚል ካለ፣ ትንንሽ የመኪና ውድድር ቡድኖች እስከ ዛሬ በውድድር ሜዳ ዳር በዚሁ ክርና ማስመሪያ ጎማቸውን እንደሚያስተካክሉ ይወቅ። በአዲስ አበባ ካሜራ ያላቸው የአላይመንት ማሽኖች አሉ፤ አራቱን ጎማ በአንድ ጊዜ ያያሉ፣ የዲግሪን መቶኛ ያነባሉ፣ ካስተር የሚባለውን በክር የማይለካ ማዕዘንም ያወጣሉ። ጥሩ ናቸው፤ ቅርብ ላለ ሰው ማሽን ይሻላል። ነገር ግን ማሽኑ ቴስቲና አይወዘውዝም፣ ሽፋን አይፈታም፤ በሚጫወት መጋጠሚያ ላይ የተገኘን ልክ በአረንጓዴ ጽፎ ይሰጣል። መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ከገለጸበት ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል። ባትሪያቸው ከባድ ስለሆነ ተመሳሳይ ስፋት ካለው የነዳጅ መኪና ይከብዳሉ፣ ጎማቸውም በተዛባ ልክ ፈጥኖ ያልቃል። ወዛዋዡ እጅ ለእነሱም ያስፈልጋል።

ሴሊካዋ ለሙከራ ወደ ሮቢት ከተማ አቅጣጫ ተነዳች። ባለሙያው ራሱ ነዳ። መኪናዋ በመጠኑ ወደ ቀኝ ስትሄድ ሹፌሩ ደነገጠ፤ ባለሙያው ግን ባዶ መንገድ ጠብቆ ወደ አስፋልቱ መሀል ወሰዳትና መሪውን ለቀቀው፤ ቀጥ ብላ ሄደች። የዝናብ ውሃ እንዲወርድ መንገዱ ከመሀል ወደ ዳር ያዘቀዝቃል፤ ኢትዮጵያ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ስለምትነዳ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ማዘቅዘቁ ወደ ቀኝ ነው። ያን የመንገዱን ጠባይ የመኪና ጥፋት አድርጎ ቶውን እንደገና የሚነካ ሰው ደህናውን ያበላሻል።

ሽቦ ያወጡትን ሁለቱን የፊት ጎማዎች ግን ላድናቸው አላለም። ውስጡ ጥርስ ቢኖረው በቸርኬው ላይ ገልብጦ የውስጡን ወደ ውጭ ማድረግ ይቻል ነበር፤ ሽቦ ላወጣ ጎማ ግን ያ አይሠራም አለ። አዲስ ሲገዛም የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገሩትን አራት ቁጥሮች ከጎማው ጎን እንዲያነብ ለሹፌሩ አሳየው፤ 2319 ከተባለ የ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ነው። ሲጨርስ ዳዶዎቹ ላይ ነጭ ቀለም ነጥብ አደረገ፤ ከተነቃነቁ እንዲታይ። በካርቶን ቁራጭ ላይ ቁጥሮቹን ሁሉ ጻፈ፤ የኋላ ግራ፣ የኋላ ቀኝ፣ የፊት ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ ካምበሩ ከስንት ወደ ስንት። ከታች አንድ መስመር ጨመረ፤ የፋብሪካው ሞላ እስኪመለስ የውስጥ ትከሻው አሁንም ቀድሞ ያልቃል፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይታይ። ሹፌሩ ሞላውን ለመመለስ ገና አልወሰነም ነበር፤ መኪናዋ ከፍ ስትል መልኳ ይጠፋብኛል አለ። ባለሙያው አልተከራከረውም። ካርቶኗን ሰጥቶት ወደሚጠብቀው አይሱዙ ሄደ።